አያትዎ በምን ሞቱ?

የዛሬው ጨዋታችን ስለ አንዲት ተማሪ ጥናትና ያ ጥናት በእኔው ቤት ስላወጣው ጉዳይ ነው። ርእሱ ከበድ ይላል። ቢሆንም ልጅ ያላችሁም የልጅ ልጅ ያያችሁም እስከ መጨረሻው ብታነቡልኝ ደስ ይለኛል።

ባለፈው ዓመት አንዲት የሰፈራችን ልጅ በሬን አንኳኳች። በወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ የጤና ትምህርት የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ናት። እናቷን ያዋለድኩት እኔ ነኝ፤ ልጅቱንም በዚህ እጄ ነው የተቀበልኳት። «ሲስተር፣ የመመረቂያ ጥናቴን ልጀምር ነው። በቤተሰብ የሚወረስ ካንሰርን ሰው አስቀድሞ እንዴት ያውቀዋል የሚል ነው። ሰው ቤት ገብቼ እንዴት እንደምጠይቅ ይምከሩኝ» አለችኝ። 38 ዓመት በነርስነት ሠርቼ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ምክር የሚጠይቀኝ ሲመጣ ደስ ይለኛል። ቡና አፈላሁና መጠይቋን እንድታነብልኝ ጠየቅኳት።

ሥራዋ የተስተካከለ ነው። የዩኒቨርሲቲውና የቀበሌው ደብዳቤ አለ። ፈቃድ የሚጠየቅበት ገጽ አለ። ስም እንደማይጻፍ ተገልጿል። ጥያቄዎቹ ወደ ወላይትኛ ተተርጉመዋል። ዋናው ጥያቄ ግን «በቤተሰብዎ ውስጥ በካንሰር የታመመ ወይም የሞተ ሰው አለ?» የሚል ነበር።

«ልጄ፣ የዚህን መልስ እዚሁ ቁጭ ብዬ ልነግርሽ እችላለሁ። ‹የለም፣ እግዚአብሔር ይጠብቀን› ይሉሻል» አልኳት። ሳቀች።

በሦስተኛው ቀን ተመልሳ መጣች። አሁን አልሳቀችም። ገሚሱ ለእርዳታ ምዝገባ የመጣች መስሎት ነበር። አንዲት እናት «ይህን ክፉ ስም በቤቴ አትጥሪ» ብለው አስወጧት። አንድ አባወራ ደግሞ «በእኛ ዘር እንዲህ ያለ ነገር የለም» ብለው ቆጣ አሉ። ባለቤታቸው አንገታቸውን ደፍተው ዝም አሉ። ልጅቱ አመስግና ስትወጣ ግን ሴትየዋ ውሃ የሚቀዱ መስለው እስከ አጥሩ በር ተከተሏትና «የእሱ እህት ጡቷ ቆስሎ ነው የሞተችው፤ ከእኔ እንደሰማሽ እንዳትናገሪ» አሏት።

ሰው ለምን ይደብቃል? ምክንያቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ትልቁ የልጆች ትዳር ነው። «ዘራቸው በሽታ አለበት» ከተባለ ሴቶች ልጆቻችን ቆመው ይቀራሉ ብለን እንፈራለን። ሌላው ስሙን መጥራት መጥራቱ ነው የሚል ፍርሃት ነው። ለቅሶ ቤት «ምን አገኛት?» ሲባል «ትንሽ አሟት ነበር» ብለን እናልፋለን። አንዳንዴም ቤተሰብ ተማክሮ ከታማሚዋ ከራሷ ይደብቃል። የቃሉም ጉዳይ አለ። ቀድሞ «ነቀርሳ» ሲባል ካንሰርም ሊሆን ይችላል፣ የሳንባ ነቀርሳ የምንለው ቲቢም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «አያቴ በነቀርሳ ነው የሞተው» ያለ ሰው የትኛውን እንደሆነ ራሱም ላያውቅ ይችላል።

ከልጅቱ ጋር ተቀምጠን ጥያቄውን ቀየርነው። መምህሯም ተስማሙ። ካንሰር የሚለው ቃል ወደ መጨረሻ ተገፋ። በፊት የመጡት እንዲህ ያሉ ጥያቄዎች ናቸው። ከዘመዶችዎ መካከል 50 ዓመት ሳይሞላው ታሞ የሞተ አለ? ሕመሙ የጀመረው የት ላይ ነው? እብጠት ነበር? የማይድን ቁስል ነበር? ሆዱ ያብጥ ነበር? ከታች ደም ይፈሰው ነበር? ስንት ጊዜ ታሞ ቆየ? ይኸው ጥያቄ ስለ አባት ወገንም ስለ እናት ወገንም ለየብቻ ይደገማል።

ሰው በሽታ ለመሰየም ይፈራል እንጂ የሚወደውን ሰው ሕመም ለመተረክ አይፈራም። ልጅቱ ከዚያ በኋላ የምትይዘው ወረቀት ይሞላ ጀመር። አንዲት ሴትማ ስለ እናቷ ስታወራ ቆይታ «እንዲህ ያለው ነገር እኔም ላይ አለ» ብላ የልጅቱን እጅ ይዛ ብብቷ አጠገብ አስቀመጠችው። ልጅቱ መንገድ ላይ ሆና እየተንቀጠቀጠች ደወለችልኝ። በማግስቱ ሦስታችን አብረን ወደ ሆስፒታል ሄድን። የሴትየዋን ውጤት እዚህ አልጽፍም፤ የእሷ ነው። በጊዜ መድረሷን ብቻ ልንገራችሁ።

አሁን ወደ እኔው ቤት ልግባ። ልጅቱ የቤተሰብ ሐረግ አሣሣል እንድትለማመድ «በእኔ ጀምሪ» አልኳት። ወንድ በአራት ማዕዘን፣ ሴት በክብ ይሣላል። የታመመው ይጠቁራል፤ የሞተው ላይ ሰያፍ መስመር ይሰመርበታል። እስክሪብቶዋን አነሣችና «አያትዎ በምን ሞቱ?» ብላ ጠየቀችኝ። «የእናቴ እናት በእርጅና» አልኳት። «የአባትዎስ እናት?»

ዝም አልኩ። አላውቃቸውም፤ አባቴ ገና ልጅ ሳለ ነው የሞቱት። በቤታችን «የሰው ዐይን በላት» ይባል ነበር። አባቴ ግን አንድ ነገር ይናገር ነበር። እናቱ በመጨረሻው ጊዜ ደረታቸውን በነጠላ ጥምጥም አድርገው አስረው ልጆቹን አያስጠጉም ነበር። ይህን ታሪክ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ። ነርስ ሆኜ 38 ዓመት ስሠራ ምን ማለት እንደሆነ አንድም ቀን አላሰብኩም።

ከዚያ የአባቴ ታናሽ እህት መጣች። እሷን በተመለከተ ጥፋቱ የእኔ ነው። በተመረቅኩ በሁለተኛው ዓመት በአንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ስሠራ አክስቴ ልትጠይቀኝ መጥታ በጡቷ ውስጥ ያለች እንደ ባቄላ ፍሬ የምታህል ነገር አስነካችኝ። «ያምሻል?» አልኳት። «ምንም አያመኝም» አለች። «ካላመመሽ ምንም አይደለም፣ ካመመሽ ተመለሺ» ብዬ ሸኘኋት። የጡት ካንሰር መጀመሪያ ላይ ብዙውን ጊዜ እንደማያም ያን ጊዜ ልቤ ውስጥ አልገባም ነበር። ስታማት ተመለሰች። የ45 ዓመት ሴት ነበረች።

ሦስተኛዋ የአጎቴ ልጅ ናት፤ በ41 ዓመቷ አዲስ አበባ ስትታከም አርፋለች። ልጅቱ ሦስት ክብ አጠቆረችና ወረቀቱን ወደ እኔ አዞረችው። አያት፣ አክስት፣ የአጎት ልጅ። በመካከላቸው ያሉት ሁለት አራት ማዕዘኖች፣ አባቴና አጎቴ፣ ነጭ ናቸው። አባቴ 80 ዓመት አልፎት ነው የሞተው፤ ጤነኛ ሰው ነበር። ከነጩ አራት ማዕዘን ሥር እኔ አለሁ። ከእኔ ሥር ሁለት ሴቶች ልጆቼ አሉ።

እኔ እኮ የጡት ካንሰር የሚወረሰው በእናት ነው ብዬ፣ በእናቴ ወገን ስለሌለ ልጆቼን አልነገርኳቸውም ነበር! ይህን ስሕተት ብዙ ሰው፣ የጤና ባለሙያም ጭምር፣ ይሠራዋል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እንየው።

እኛ ወላይታዎች ዘር መቁጠር እናውቅበታለን። ማላና ዶጋላ በሚባሉት ሁለት ክፍሎች ሥር ጎሳው ብዙ ነው። ሰው ከራሱ ጎሳ አያገባም። ስለዚህ ሽማግሌ ሳይጠየቅ ጋብቻ አይታሰብም። ጎሳ ግን የሚቆጠረው በአባት ነው። እናት ከሌላ ጎሳ መጥታ በባሏ ቤት ትቀራለች፤ የእሷ እናትና አያት ከሁለት ትውልድ በኋላ ይረሳሉ። በአባት በኩልም ቢሆን አክስቶች ለሌላ ጎሳ ተድረው ይሄዳሉ፤ ልጆቻቸው በእኛ አይቆጠሩም። በሰውነታችን ውስጥ ያለው ዘረመል ግን እንዲህ አይቆጥርም። ግማሹ ከአባት፣ ግማሹ ከእናት ነው። ለሴትም ለወንድም እኩል ይደርሳል።

በዘረመላችን ውስጥ የሕዋስን ጉዳት የሚጠግኑ ወይም ያለ ልክ እንዳይባዛ የሚይዙ ክፍሎች አሉ። እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ናቸው፤ አንዱ ከአባት፣ አንዱ ከእናት። አንድ ግቢ ሁለት ዘበኛ አለው እንበል። አብዛኞቻችን ሁለቱንም ይዘን እንወለዳለን፤ ሁለቱም እስኪወድቁ ብዙ ዘመን ይፈጃል። አንዱ ዘበኛ ከልደት ጀምሮ የሌለው ሰው ግን በአንዱ ብቻ ይጠበቃል። ያ አንዱ በወጣትነት ሊወድቅ ይችላል። የሚወረሰው ይህ የዘበኛው ጉድለት ነው እንጂ ካንሰሩ ራሱ አይደለም። ጉድለቱ ያለበት ወላጅ ለእያንዳንዱ ልጅ የማስተላለፍ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ወንዱም ይይዘዋል፤ እሱ ሳይታመም ለሴት ልጁ ሊያወርስ ይችላል። አልፎ አልፎም ወንድ ራሱ የጡት ካንሰር ይይዘዋል።

ይህን ዓለም ያወቀው እንደ እኛዋ ተማሪ የቤተሰብ ታሪክ እየጠየቁ በጻፉ ሰዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ1895 በአሜሪካ ሚሺጋን አንዲት ልብስ ሰፊ፣ ዘመዶቿ ሁሉ በካንሰር ስለሞቱ እሷም በዚያው እንደምትሞት አልድሬድ ዋርቲን ለተባለ ሐኪም ነገረችው። እንዳለችውም በማኅፀን ካንሰር ሞተች። ዋርቲን ግን ቤተሰቡን መዝግቦ በ1913 አሳተመ። በ1962 ደግሞ ኦማሃ በምትባል ከተማ ሄንሪ ሊንች የተባለ፣ ገና ስፔሻሊቲ በመማር ላይ ያለ ወጣት ሐኪም አንድ መጠጥ የሚያበዛ ታማሚ ገጠመው። ሰውየው የሚጠጣው ቤተሰቡ በሙሉ በካንሰር ስለሚሞት፣ የእሱም ዕጣ ያው ስለሚሆን እንደሆነ ነገረው። ሊንች «ሰካራም ነው» ብሎ አላለፈውም። ዘመዶቹን እያፈላለገ የቤተሰቡን ሐረግ ሣለ፤ በ1966ም ጥናቱን አወጣ። ለብዙ ዓመታት የሚያምነው ጥቂት ነበር። ዛሬ የትልቁ አንጀትና የማኅፀን ካንሰር በአንድ ቤተሰብ የሚበዛበት ውርስ በእሱ ስም ይጠራል። የጡቱን በተመለከተ ሜሪ ክሌር ኪንግ የተባለች ተመራማሪ ከብዙ ቤተሰቦች መረጃ ሰብስባ በ1990 ዘረመሉ የት አካባቢ እንዳለ አሳየች። በ1994 ራሱ ዘረመሉ ተገኘ፤ ቢአርሲኤ አንድ ይባላል። ጡትንም የሴቴ እንቁልጢንም የሚነካው እሱ ነው።

አሁን የሚያስፈራውን ወደ ልኩ እንመልሰው። ከካንሰር ሁሉ በቀጥታ የሚወረሰው ከመቶ ከ5 እስከ 10 የሚሆነው ብቻ ነው። የማኅፀን በር ካንሰር ለምሳሌ የሚመጣው በቫይረስ እንጂ በዘር አይደለም። ለዚህ ነው ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ 14 ዓመት ለሞላቸው ልጃገረዶች ክትባት መሰጠት የተጀመረው። ክትባቱን ለልጅ ልጆቻችሁ አታስቀሩባቸው። ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 49 የሆነ ሴቶችም በጤና ተቋም የቅድመ ካንሰር ምርመራውን ያድርጉ። በሀገራችን የጡት ካንሰር በአርባዎቹ ዕድሜና ከዚያም በታች በብዛት ይታያል፤ ሕዝባችን በአብዛኛው ወጣት መሆኑም አንዱ ምክንያት ስለሆነ ወጣት ታመመች ማለት ብቻውን ውርስ አለ ማለት አይደለም።

ታዲያ ቤተሰብ መቼ ይጠርጥር? አንደኛ፣ በአንድ ወገን፣ በአባት ወይም በእናት፣ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ የቅርብ ዘመዶች ተመሳሳይ ካንሰር ሲይዛቸው። ሁለተኛ፣ ሕመሙ ከ50 ዓመት በፊት ሲመጣ። ሦስተኛ፣ ሁለቱም ጡቶች ሲታመሙ ወይም በአንድ ቤተሰብ ጡትና እንቁልጢ፣ አንጀትና ማኅፀን ሲገናኙ። አራተኛ፣ ወንድ የጡት ካንሰር ሲይዘው። አምስተኛው በተለይ ለአያቶች ነው። የሕፃን ዐይን ብሌን ውስጥ፣ ፎቶ ሲነሣም ቢሆን፣ ነጭ ብልጭታ ከታየ ሕፃኑ ዛሬ ነገ ሳይባል ዐይን ሐኪም ይየው። የሕፃናት የዐይን ካንሰር ሊሆን ይችላል። ከአሥሩ በአራቱ ገደማ የሚወረስ ዓይነት ስለሆነ ወንድምና እህትም ይመረመራሉ። በጊዜ ከተገኘ የልጁን ሕይወት፣ ብዙ ጊዜም ዐይኑን ማትረፍ ይቻላል።

የዘረመል ምርመራው በየሆስፒታላችን የሚገኝ አይደለም። የቤተሰብ ታሪክ ግን ገንዘብ አይጠይቅም። ሐኪሙ ታሪኩን ካወቀ ምርመራው ቀደም ብሎና ቶሎ ቶሎ እንዲደረግ ያዛል። በቤተሰቡ በትንሹ ዕድሜ የታመመውን ሰው አይቶ ከዚያ 10 ዓመት ቀድሞ ክትትል መጀመር የተለመደ ነው። ጡት በባለሙያ እጅ፣ በአልትራሳውንድና ማሞግራፊ በሚባለው ራጅ ይታያል። ለወጣት ሴት ብዙ ጊዜ በአልትራሳውንድ ይጀመራል።

በጊዜ መድረስ ለእኛ ለሶዶና ለአካባቢው ሰዎች ምን ማለት እንደሆነ የቀድሞዎቹ ታውቁታላችሁ። ለረጅም ዘመን በሀገሪቱ የጨረር ሕክምና የነበረው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ከዚህ በሆሳዕና በኩል ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ፣ ዘመድ ቤት አርፎ፣ ወረፋ መጠበቅ ነው። አሁን ጅማን በመሰሉ ከተሞችም መጀመሩ ደግ ነገር ነው። ሆኖም ባቄላ የምታህለውን እብጠት በጊዜ ያስወጣችና ከቆሰለ በኋላ የምትሄድ ሴት መንገዳቸው አንድ አይደለም።

ወደ ልጆቼ ልመለስ። ያን ማታ አዲስ አበባ ላለችው ለትልቋ ደወልኩላት። 36 ዓመቷ ነው። ሁሉንም ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና «እማዬ፣ የአክስትሽን ነገር እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?» አለች። «እንዳትፈሪ ብዬ» አልኳት። «አንቺ ነሽ እንጂ የፈራሽው» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

«አብረን እንመርመር» ተባባልንና አዲስ አበባ ሄድኩ። እውነቱን ልናገር፤ እኔም ተመርምሬ አላውቅም ነበር። የስንቱን ሴት ደረት ስዳስስ የኖርኩ ሴት በስድሳዎቹ ዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ አልጋ ላይ ወጣሁ። በእኔም በእሷም ምንም አልተገኘም። ሐኪሟ የልጅቱን ወረቀት ተቀብላ ብዙ አየችውና በየዓመቱ እንድንመለስ፣ ታናሽየዋም እንድትመጣ አዘዘች። ታናሽየዋ እስካሁን «ነገ፣ ከነገ ወዲያ» እያለች ነው። ይህንን ጽሑፍ እንደምታነበው አውቃለሁ።

ተማሪዋ ጥናቷን ለመምህራኖቿ አቅርባ ተመርቃለች። በምክረ ሐሳቧ መጨረሻ ላይ የጤና ባለሙያ ታሪክ ሲወስድ የአባትንም ወገን እንዲጠይቅ ጽፋለች።

አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። ማቲዎስ የተባለ የአራት ዓመት ልጃቸውን በደም ካንሰር ያጡ ወላጆች ሐዘናቸውን አልደበቁም፤ በ1996 ዓ.ም. ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን አቋቁመው እስከ ዛሬ ስንቱን ታማሚ ያግዛሉ። ከእኛ የሚፈለገው ከዚያ ያነሰ ነው።

በመስከረም ጊፋታ ሲደርስ ልጆቻችን ከያሉበት ይሰበሰባሉ። ሥጋው ተቆርጦ፣ ሙቹዋው ቀርቦ፣ ሰው ጠግቦ ሲጫወት አንድ የደብተር ገጽ አውጡ። በስተግራ የአባትን ወገን፣ በስተቀኝ የእናትን ወገን ጻፉ፤ ለሌላ ጎሳ የተዳሩትን አክስቶች እንዳትረሱ። ማን፣ በስንት ዓመቱ፣ ምን ሆኖ ታመመ ብላችሁ አስፍሩ። የማታስታውሱትን በዕድሜ የገፉትን ጠይቁ፤ እነሱ ሲያልፉ መልሱም አብሮ ይሄዳል። ወረቀቱ ለጎረቤት የሚነበብ አይደለም። ከቤት መታወቂያችሁ ጋር ይቀመጥና ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ ያዙት።